ባሕር ዳር ተቀምጦ የሃውስ ሙዚቃን በሸክላ ማሳተም

አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ የለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ ማሳተሚያ ሲከፍት የተቀዳውን ሙዚቃ ውጭ አገር ልኮ ነበር የሚያሳትመው፤ ዛሬ ጣና ዳር ቤቱ ውስጥ ሃውስ፣ አራት እኩል ምት የሚመታውን የኤሌክትሮኒክስ የጭፈራ ሙዚቃ፣ የሚሠራ ሰውም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። የበርሊን ወይም የአምስተርዳም አሳታሚ አንድ ነገር ከተጠራጠረ ስልክ ያነሣል፣ ሲብስም ባቡር ተሳፍሮ ፋብሪካው ድረስ ይሄዳል። ከባሕር ዳር ግን እያንዳንዷ ስሕተት የሳምንታት መዘግየትና የሌላ ጭነት ሒሳብ ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ የሚስተካከለው ሁሉ ከዚህ ሳይወጣ ይስተካከል። ፋብሪካው ያርመዋል ተብሎ የተላከ ነገር እንደተላከው ታትሞ ይመለሳል።

ከዚህ በታች ያለው ለትንሽ አሳታሚ የተጻፈ ነው፦ 300 ቅጂ፣ 12 ኢንች፣ ለዲጄ የሚሆን፣ ሽፋኑ ሜዳ የሆነ። አንደርግራውንድ ሃውስ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ መልክ ነው። ለሽፋን ሥዕል ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለድምፁ ቢውል ይሻላል።

ሙዚቃው ሳያልቅ ደቂቃውን ቁጠሩ

ሸክላው ከመታተሙ በፊት ድምፁ በሰሌዳ ላይ ቦይ ሆኖ ይቆረጣል። የአንዱ ገጽ ርዝመት ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚቆረጥ ይወስናል። ጉልበት ያለው ድምፅ፣ በተለይ ቤዝ፣ መርፌው የሚሄድበትን ቦይ ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ ያወዛውዘዋል። ቦዩ ሲሰፋ ቦታ ይበላል፤ ቦታው ካለቀ ደግሞ ለቆራጩ ባለሙያ የሚቀረው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በደቂቃ 45 ዙር አንድ ገጽ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ለክለብ የሚበቃ ጉልበት ይይዛል። በ33 ዙር እስከ 14 እና 15 ደቂቃ ያስኬዳል። 20 ደቂቃም መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ዲጄው ከሌላ ሸክላ ጋር ሲያቀላቅለው የእናንተው ደክሞ ይሰማል፣ ሁለተኛም ከቦርሳው አያወጣውም።

ለመጀመሪያ ሥራ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት ሙዚቃ፣ 45 ዙር፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ገጽ ምረጡ። አራት የስድስት ስድስት ደቂቃ ሙዚቃ ካላችሁ ገጹ 12 ደቂቃ ስለሚደርስ ወይ ወደ 33 መውረድ ነው፣ ወይ ሁለቱን ለሚቀጥለው ሸክላ ማቆየት። ማቆየቱ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉም የራሱ ሕግ አለው። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት አንድ ቢሆንም ከመርፌው ሥር የሚያልፈው የቦይ ርዝመት ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር ያጥራል። በ33 ዙር ዳር ላይ በሴኮንድ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ መሐል ካለው ወረቀት አጠገብ 21 ብቻ። ያው ሃይ-ሃት (ጥርት ያለው የጸናጽል ምት) ከግማሽ ባነሰ ቦታ ውስጥ ሲታጨቅ ይሻክራል። ስለዚህ ጠንካራውና ጸናጽል የበዛበት ሙዚቃ ከዳር ይጀምር፤ ረጋ ያለው፣ ዋሽንት ወይም ድምፅ ብቻ የሚቀርበት፣ ወደ ውስጥ ይግባ።

ለዲጄ መግቢያና መውጫ ተዉለት። በደቂቃ 122 ምት በሚሄድ ሙዚቃ 32 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) 63 ሴኮንድ ይሆናል፤ በሁለቱም ጫፍ ይህን ያህል ኪክ፣ ማለትም ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ እና ቀለል ያለ ከበሮ ብቻ ካለ ማቀላቀል ይመቻል። ዜማው በአሥረኛው ሴኮንድ የሚገባ ከሆነ ለሬዲዮ እንጂ ለሸክላ አልተሠራም።

ከበሮና ማሲንቆ ከአራቱ ምት ጋር

የጎጃም እስክስታ ምት አብዛኛውን ጊዜ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ የሃውስ ኪክ ደግሞ አራት እኩል ምት ይመታል። ሁለቱን ለማስማማት ከበሮውን ወደ አራት መቁረጥ አያስፈልግም። ኪኩን የእግር ምት ላይ አድርጉትና በእያንዳንዱ ኪክ መካከል ሦስት እኩል ክፍል ቁጠሩ፤ ሃይ-ሃቱም ሶፍትዌሩ በነባሪ በሚሰጠው የአሥራ ስድስት ክፍል ሳይሆን በዚሁ በሦስት ይሂድ። ከበሮው በቀጥታ ይቀመጥለታል። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ከበሮው በስድስት፣ ሃይ-ሃቱ በአራት ሆነው ሁለቱም እኩል ጎልተው ሲሰሙ ነው።

ከበሮ መቺው ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከመታ ፍጥነቱ ይዋልላል። የማጫወቻው የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ላይ ሲደመርም ሲቀነስም 8 በመቶ ነው፤ ዲጄው በአማካይ ፍጥነት አስተካክሎ ሲተወው ግን በየባሩ የሚለዋወጠውን ሊከተለው አይችልም። በጆሮ ማዳመጫ ኪኩን አሰሙትና ምቱ ይቀዳ። አስቀድሞ የተቀዳ ከሆነ በየአራት ባሩ ቆርጣችሁ ቦታው ላይ አስቀምጡት። መላውን ፋይል በሶፍትዌር መለጠጥ የቆዳውን ጥፊ ያደበዝዘዋል።

ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ ላይ አንዳንድ ማይክ ማድረግ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰፊው ቆዳ ሲመታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያኛው ወገን ያለው ቆዳ በአየሩ ተገፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ማይኮች ተቃራኒ ምልክት ይቀዳሉ። በስቴሪዮ ሲሰማ ሰፋ ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ ይመስላል። ሞኖ ሲሆን፣ ማለትም ግራና ቀኙ ተደምሮ አንድ ሲሆን፣ ግን አንዱ ሌላውን ይሰርዝና የከበሮው ሆድ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአንዱን ማይክ ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡ፣ ሚክሰሩን ሞኖ አድርጉ፣ የትኛው አቀማመጥ የበለጠ ሆድ እንዳለው አዳምጡ፣ በዚያው ጽኑ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ካልተሠራ ችግሩ የሚታወቀው ሸክላው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

በክረምት ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ከሰል ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርጋችሁ ቅዱ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ድምፁ እንዳልወረደ አመሳክሩ። ማሲንቆ የሚቃኘው በተጫዋቹ ድምፅ ልክ ነው፤ ከፒያኖው ቅኝት በጥቂት ቢያፈነግጥ አዝማሪውን አታስቸግሩት። ሲንተሳይዘሩንና ቤዙን ወደ ማሲንቆው አስጠጉ፤ ሁሉም ሶፍትዌር ማስተካከያው አለው። ዋሽንትም ቀዳዳው የተበሳ ስለሆነ የሚለወጠው ሌላው መሣሪያ ነው።

የጣናን ድምፅ፣ ወፉን፣ የታንኳውን መቅዘፊያ መቅዳት የሚፈልግ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ይቅዳ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ማይኩን ይመታዋል፣ የሞተር ጀልባውም ይበዛል። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት የሚሰማውን ዜማ ግን ቀድቶ ከኪክ በታች ማስገባት አይገባም፤ ያ ጸሎት ነው፣ ባለቤትም አለው።

ማስተሪንግ፦ ለሸክላ የሚሆን ፋይል ለብቻው ይሠራል

ማስተሪንግ ያለቀውን ሚክስ ለሕትመት ማዘጋጀት ነው። ለስትሪሚንግ የተጨመቀውን ፋይል ለፋብሪካ መላክ ከሁሉም የተለመደው ጥፋት ነው። ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚገድበው መሣሪያ) ላይ የተደፈጠጠ ድምፅ ሸክላ ላይ ይበልጥ አይጮህም፤ ቆራጩ ዝቅ አድርጎ እንዲቆርጠው ያስገድደዋል እንጂ። ከማስተሩ ላይ ሊሚተሩን አንሡ። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 3 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ፋይሉ 24 ቢት ዋቭ፣ ሥራው በተሠራበት ሳምፕል ሬት ይሁን፤ 44.1ን ወደ 96 ማሳደግ የሚጨምረው ነገር የለም። ከኤምፒ3 ተመልሶ ዋቭ የሆነ ፋይል ፈጽሞ አይላክ።

ቤዙ ከ150 ኸርዝ በታች መሐል ላይ ይሁን። በስቴሪዮ ሸክላ ላይ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ድምፅ መርፌውን ወደ ጎን ያንቀሳቅሰዋል፤ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች። ከባድ ቤዝ ግራና ቀኙ ተቃራኒ ሆኖ ከመጣ ቦዩ አንዴ ይጠልቃል፣ አንዴ ጥልቀት አጥቶ ሊቋረጥ ይደርሳል፤ መርፌውም ይዘላል። ቆራጩ ይህን ለመከላከል የታችኛውን ድምፅ ራሱ ሞኖ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ነው ፌዙ ያልተስተካከለው ከበሮና ሰፋ ተደርጎ የተሠራው ሲንት ቤዝ ብን ብሎ የሚጠፋው። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውንም ቁረጡት፤ አይሰማም፣ ቦታ ግን ይበላል።

ከላይ በኩል አስቸጋሪው ከ5 እስከ 9 ኪሎ ኸርዝ ያለው ነው። የመቁረጫው ራስ በዚህ አካባቢ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ይግላል፣ መርፌውም መከተል ያቅተዋል፤ የሚሰማው ምራቅ የሚረጭ የሚመስል ስንጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ነው። በአማርኛ ዘፈን ላይ «ስ»፣ «ሽ» እና «ጽ» እዚህ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ዲ-ኤሰር (የ«ስ»ን ፉጨት የሚቀንስ መሣሪያ) በዘፋኙ ድምፅ ትራክ ላይ ብቻ አድርጉ፣ በጠቅላላው ሚክስ ላይ አይደለም፤ አለዚያ ሃይ-ሃቱ አብሮ ይታፈናል። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰጠው ጩኸትም በዚሁ ዓይን ይታይ።

ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ፋይል አዘጋጁ። በሙዚቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሆኖ በውስጡ ይገባል። ከፋይሉ ጋር እያንዳንዱ ሙዚቃ በስንተኛው ደቂቃና ሴኮንድ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ፣ ዙሩ 45 ይሁን 33፣ እንዲሁም ስሕተት የሚመስል ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ድምፅ ካለ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ይላክ። ስለ መጨረሻው ካልተጻፈ የጣና ነፋስና የአሮጌ ካሴት ሽውታ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ይጣራባችኋል።

10 ደቂቃ ስቴሪዮ በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ 173 ሜጋ ባይት ያህል ይመዝናል፤ ሁለቱ ገጽ ሲደመር ወደ 350 ይጠጋል። መብራት በመሐል ቢጠፋ ኤክስፖርት የሚደረገው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል፣ ስሙና ቦታው ግን ሙሉ ይመስላል። ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ሥሩ፤ ፋይሉ ከወጣ በኋላም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ ማዳመጫ አዳምጡት። ኢንተርኔቱ ሌሊት ይሻላል። ከመላካችሁ በፊት የፋይሉን ኤምዲ5 ቁጥር (ፋይሉ ከተለወጠ አብሮ የሚለወጥ መለያ) አውጥታችሁ በኢሜይል ጻፉላቸው፤ እነሱም ካወረዱ በኋላ ያወዳድሩት። ያለዚያ የጎደለ ፋይል ሙዚቃው ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ካልሆነ በስተቀር በሌላ አይታወቅም።

ላከር ወይስ መዳብ

ድምፁ የሚቆረጠው በሁለት ዓይነት ሰሌዳ ላይ ነው። ላከር የሚባለው ናይትሮሴሉሎስ የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው፤ ዲኤምኤም የሚባለው ደግሞ በቀጥታ መዳብ ላይ የሚቆረጠው። መዳቡ ለረጅም ገጽ ይመቻል፣ ጸጥታውም ጥሩ ነው፤ ላይኛው ድምፅ ግን ጠንከር ብሎ ይወጣል። ለሃውስ፣ ገጹ አጭር እስከሆነ ድረስ፣ ላከር ይሻላል፤ ቤዙ ወፈር ብሎ ይቀመጣል። የላከር ችግሩ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ኒኬል መለበጥ ያለበት መሆኑ ነው። ቀን በቆየ ቁጥር ለስላሳው ቦይ እየተዝናና ላይኛው ድምፅ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆራጩና መለበጫው አንድ ከተማ ውስጥ፣ ቢቻል አንድ ቤት ውስጥ ይሁኑ። ላከር ራሱም እንደ ልብ አይገኝም፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረው የላከር ፋብሪካ አፖሎ ማስተርስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከተቃጠለ ወዲህ የዓለም አቅርቦት በአብዛኛው በአንድ የጃፓን ፋብሪካ ትከሻ ላይ ወድቋል። የቆራጩ ወረፋ ሲረዝም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ላከሩ ብር ይረጭበትና ኒኬል ይለበጣል፤ ከዚያ አባት የሚባለው የብረት ቅጂ፣ ከአባት እናት፣ ከእናት ደግሞ ማተሚያው ስታምፐር ይወጣል። አንድ ጥንድ ስታምፐር 300 ቅጂ ያለ ችግር ያወጣል። ማተሚያው ውስጥ የገባው ትኩስ ፕላስቲክ በሁለቱ ስታምፐር መካከል እንደ ሊጥ ተዳምጦ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ሸክላ ሆኖ ይወጣል። 140 ግራም ይበቃል። 180 ግራም የጭነት ዋጋ ይጨምራል እንጂ ድምፅ አይጨምርም።

ወረቀቱና ማኅተሙ

የመሐሉ ወረቀት ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዳር 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ይኑረው፣ ጽሑፍ ደግሞ ከዳሩም ከቀዳዳውም ራቅ ይበል፤ ወረቀቱ ሲታተም ትንሽ መዛነፉ አይቀርም። የግዕዝ ፊደል ያለበትን ፋይል ስትልኩ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጡት። እንዲሁ ከተላከ የፋብሪካው ኮምፒውተር ፊደሉ ስለሌለው በባዶ ሳጥን ይተካዋል፤ የሚሠራውም ሰው ስለማያነበው ልብ ሳይል ያትመዋል። አንባቢ የሌለው ፊደል ተገልብጦም ሊታተም ይችላል፤ የላይኛውን ጎን በቀስት አመልክቱ።

ካታሎግ ቁጥሩ (የሸክላው መለያ) በላቲን ፊደልና በአሃዝ አጠር ያለ ይሁን፤ የአከፋፋዮችና የሱቆች መዝገብ በእሱ ነው የሚፈልገው። ያው ቁጥር በወረቀቱ፣ በሽፋኑ፣ በፋይሉ ስምና ከመጨረሻው ሙዚቃ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዚያ ቀለበት ላይ ቆራጩ በእጁ መጫር ይችላል። የአማርኛ ቃል ከፈለጋችሁ ከሦስት ፊደል አይብለጥ፣ በትልቁ የተጻፈ ሥዕልም ላኩለት፤ በደንብ ካላየው «ሰ» እና «ለ» ይምታቱበታል።

የታተመ ሽፋን ውድ ነው። መሐሉ ክብ የተበሳ ሜዳ ካርቶን ሽፋን አዝዛችሁ ማኅተም ማድረግ ይቻላል። ባሕር ዳር ውስጥ ማኅተም የሚቀርጹ ቤቶች ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጎማ ማኅተም ይሠራሉ፤ ቀጫጭን መስመር ግን አይዝም፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነገር አትስጡ። ካርቶኑ አብረቅራቂ ላሚኔሽን የሌለው መሆን አለበት። የቢሮ ማኅተም ቀለም በአብረቅራቂ ላይ አይደርቅም፣ ጣት ሲነካው ይሰራጫል፤ በክረምት ደግሞ በሜዳውም ካርቶን ላይ መድረቅ ይዘገያል። ፒግመንት ቀለም ተጠቀሙ፣ ሽፋኖቹን ለየብቻ ዘርግታችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉአቸው፤ ሸክላው የሚገባው ከደረቀ በኋላ ነው። ማኅተሙን በየአሥር ሽፋኑ ጥረጉት፣ አለዚያ በፊደሉ ውስጥ የተጠራቀመው ቀለም «መ»ን ጥቁር ክብ ያደርገዋል።

የሙከራ ሕትመት

ፋብሪካው ዋናውን ከማተሙ በፊት አምስት ያህል የሙከራ ቅጂ ይልካል። ከጠቅላላው ሥራ ችኮላ የማይፈቀድበት ይህ ነው። ፈቃድ ከሰጣችሁ በኋላ የሚወጣው 300 ሁሉ እንደዚያው ይሆናልና። ሁለቱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሁለቱ አውሮፓ ውስጥ ጥሩ ማጫወቻ ላለው ለምታምኑት ሰው፣ አንዱ ለማስተሪንግ ባለሙያው ይላክ። ሁሉም አንድ አድራሻ ሄደው ጉምሩክ ቢቆዩ የሚሰማቸው ሰው የለም።

ማጫወቻ አስቀድማችሁ አግኙ፤ ቅጂው ደርሶ ማጫወቻ መፈለግ የሚያጠፋው ጊዜ ፋብሪካው የሰጣችሁን ቀን ያሳልፋል። ሚክሰሩ ላይ «ፎኖ» ከሚለው ቀዳዳ ሰኩት። ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ተቀንሶ ላይኛው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው፤ የፎኖው ክፍል ነው ወደ ቦታው የሚመልሰው። በተራ መስመር ከተሰካ ድምፁ ቀጭንና ሹል ሆኖ ስለሚወጣ ጥሩ ሕትመት እንደተበላሸ ይቆጠራል። የመርፌውን ክብደት ካርትሪጁ (መርፌው የተሰካበት ክፍል) በሚለው ልክ አድርጉ፣ መርፌውን ጥረጉ፣ በስፒከርም በጆሮ ማዳመጫም ስሙ።

ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሰዓት ያዙ። በ33 ዙር በየ1.8 ሴኮንድ፣ በ45 ዙር በየ1.33 ሴኮንድ ከተደጋገመ ጭረት ወይም ጉብታ ነው። ያው ቦታ ላይ በሁሉም ቅጂ ካለ ስሕተቱ ከስታምፐሩ ወይም ከመለበጡ የመጣ ስለሆነ እንደገና እንዲሠራ ጠይቁ፤ በአንዱ ብቻ ካለ አቧራ ወይም የዚያ ቅጂ ጉዳይ ነው። በአንድ ወገን፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ፣ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ካለ ፕላስቲኩ ቦዩን ሙሉ በሙሉ አልሞላውም ማለት ነው፤ የሙቀትና የጊዜ ችግር ስለሆነ ፋብሪካው ማስተካከል ይችላል። የዋሽንቱ ረጅም ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ ከተወዛወዘ የማጫወቻውን ክንድ ከላይ ተመልከቱ፤ በየዙሩ ወደ ግራና ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ቀዳዳው ከመሐል ወጥቷል። ሙዚቃው ሊጀምር አንድ ዙር ሲቀረው ራሱ ሙዚቃው በስሱ ቢሰማ ግን አትደንግጡ፤ ጎን ለጎን ያሉ ቦዮች ሲነካኩ የሚፈጠር ነው፣ ላከር ላይ የተለመደ ነው።

ከፋይሉ ጋር አወዳድሩት፦ ኪኩ እኩል ጉልበት አለው? መጨረሻው ሙዚቃ ላይ ሃይ-ሃቱ ሻክሯል? ቅሬታ ስትጽፉ «ድምፁ ጥሩ አይደለም» አይበቃም። ገጹን፣ ደቂቃና ሴኮንዱን፣ በስንት ቅጂ ላይ እንደተሰማ፣ በየትኛው ካርትሪጅ እንደሆነ ጻፉ። ይህን የያዘ ደብዳቤ ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል።

መብት፣ ገንዘብ፣ አከፋፋይ

የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሙዚቃው የእናንተ ለመሆኑ የፊርማ ማረጋገጫ፣ ብዙ ጊዜም የሕትመት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከአዝማሪው፣ ከከበሮ መቺውና ከድምፃዊቷ ጋር የተጻፈ ውል ይኑራችሁ፦ ለቀረጻው የተከፈለው ገንዘብ፣ ከሽያጩ የሚደርሳቸው ድርሻ፣ ስማቸው በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ። ከአሮጌ ሸክላ ወይም ካሴት የተቆረጠ ድምፅ ካለበት ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትላኩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም የተቀዳው ድምፅ የቀዳው ሰው ነው።

ወጪውን በዩሮ ያዙ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በብር የተሠራ ሒሳብ ሸክላው እስኪመጣ አይቆይም። መቁረጡ፣ መለበጡና የሙከራ ሕትመቱ 100 ቢታተምም 500 ቢታተምም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ማተሙ፣ ሽፋኑና ጭነቱ ነው። ለምሳሌ ሁሉም ተደምሮ 2,100 ዩሮ ቢመጣ በ300 ቅጂ አንዱ 7 ዩሮ ወጥቶበታል ማለት ነው፤ አከፋፋዩ 7 ዩሮ የሚከፍላችሁ ከሆነ ትርፉ ዜሮ ነው። ለማስተዋወቅ በነፃ የሚሰጡትንና የሚበላሹትን ቀንሱና ቁጠሩ።

ለባሕር ዳር ሰው ከሁሉ የሚመቸው አከፋፋዩ የማሳተሚያውን ራሱ ከፍሎ ከሽያጩ የሚቆርጥበት ውል ነው። ዶላርና ዩሮ ፍለጋ ባንክ መመላለስ ይቀራል፣ ሸክላውም ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ አከፋፋዩ መጋዘን ይገባል። ድርሻችሁ ይቀንሳል፤ ለመጀመሪያው ሥራ ግን መቀነሱ ያዋጣል። ውሉ ላይ የሽያጭ ሪፖርት በየስንት ወሩ እንደሚመጣ፣ ያልተሸጠው የማን እንደሆነ፣ እናትና ስታምፐሩ የማን ንብረት እንደሆኑ ይጻፍ። ሙዚቃውን ስትልኩላቸው ፋይል አታያይዙ፤ በግል ሊንክ፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጫ ጋር ይበቃል። ብዙ ይመጣላቸዋል፣ የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ሸክላውን ማምጣትና ማኖር

300ውንም ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ጥፋት ነው። ገዢው በአብዛኛው አውሮፓና ጃፓን ነው፤ መጥቶ ተመልሶ የሚሄድ ሸክላ ሁለት ጊዜ ጭነት ይከፍላል። ለአርቲስቶቹ፣ ለዲጄዎችና ለአገር ውስጥ ሽያጭ 50 ይበቃል፤ ይህም 25 በሚይዝ ካርቶን ሁለት፣ እያንዳንዱ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ማኅተሙን እዚህ ለማድረግ ያሰባችሁትም ለእነዚህ ነው፤ የቀሩትን ለማተም የጎማ ማኅተሙን ሠርታችሁ በፖስታ ለአከፋፋዩ ወይም ለወዳጅ ላኩ።

በኢንቮይሱ ላይ ዕቃው «የተቀዳ የሙዚቃ ሸክላ» ተብሎ፣ ከታሪፍ ቁጥሩ 8523.80 ጋር፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ በግልጽ ይጻፍ። «ፕላስቲክ» ወይም «ናሙና» ብቻ የተባለ ካርቶን ዲክላራሲዮኑ ላይ ክርክር ያስነሣል። ትራንዚተሩን ዕቃው ከመነሣቱ በፊት አነጋግሩ፣ ፕሮፎርማውንም አስቀድማችሁ አሳዩት።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ካርቶኑ ጣራ ላይ አይጫን። አባይ በረሃ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሸክላ ይጣመማል፣ ከተጣመመም አይመለስም። ካርቶኑ በጠርዙ ይቁም እንጂ በጀርባው አይተኛ። ቤት ውስጥም እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይደርደር፣ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ አንድ ጋት ራቅ ይበል። እርጥበት ፕላስቲኩን አይጎዳውም፤ ሽፋኑንና የመሐሉን ወረቀት ግን በሐምሌና በነሐሴ ሻጋታ ያስይዛቸዋል። በየሳምንቱ መደርደሪያውን ክፈቱት፣ ነፋስ ይግባው።

ካለቀ በኋላ ድጋሚ ለማሳተም እናቲቱ ካለች መቁረጡም የላከሩ መለበጥም አይከፈልም፤ አዲስ ስታምፐር ብቻ ይወጣል። ፋብሪካዎች ብረቱን ለዘላለም አያስቀምጡም፤ እስከ መቼ እንደሚያቆዩት በመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ ጠይቁ፣ ቀኑንም ከካታሎግ ቁጥሩ ጎን ጻፉት።